ሲባጎና ሜትሮ በመንዝ ደጋ፦ የፊት ጎማ አላይመንት ቤት ይሠራል?

ከጣርማ በር ወደ ሞላሌ፣ ከዚያም ወደ መሐል ሜዳ ለሚመላለስ ሹፌር ጎማ ከባዱ ወጪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነዳጁን ከተሳፋሪው ያወጣዋል። ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት አዲስ ጎማ ግን መሀሉ ገና ሳይነካ የውስጥ ጠርዙ አልቆ ሽቦው ሲወጣ ማንም አይክሰውም። ሹፌሩን ምክንያቱን ቢጠይቁት «መንገዱ ነዋ!» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ጠጠሩም ጉድጓዱም ጎማ ይበላሉ፤ የሚበሉት ግን ከሞላ ጎደል እኩል ነው። አንዱን ጠርዝ ለይቶ የሚበላው የጎማው አቋቋም ነው።

ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የኮምፒውተር አላይመንት ማሠራት የፈለገ ሰው የሚያስበው ደብረ ብርሃንን ወይም አዲስ አበባን ነው። ለግማሽ ሰዓት ሥራ የአንድ ቀን ገበያ ይቀራል፤ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ ተዘግቶ መኪና ካለበት ሳይነቃነቅ የከረመባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ስለዚህ ሰዉ በእጁ ያስተካክላል። በሜትሮ፣ በሲባጎ፣ አንዳንዴም ዓይንን አጥብቦ ከፊት በማየት ብቻ። ይህ ሥራ የሚታመን ነው ወይስ ጎማ ማስጨረሻ? የእኔ መልስ እንደ መኪናው ዓይነትና እንደሚስተካከለው ነገር ይለያያል፤ ባጭሩ ግን ሲባጎው አይታማም። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው መለኪያው ሳይሆን ሳይጠገን የሚለካው መኪና ነው።

መካኒኮቹ ሦስት ነገር ይለያሉ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከላይ ወደ ታች ብናያቸው የፊት ጠርዛቸው ከኋላ ጠርዛቸው ይበልጥ ተቀራርቦ ከቆመ ቶ ኢን፣ ከተራራቀ ቶ አውት ነው። ከፊት ለፊት ቆመን ስናያቸው ጎማው ራሱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ ካምበር ነው። ሦስተኛው ካስተር ከጎን የሚታይ ነው፤ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ ሲሆን መሪው ከመታጠፊያ በኋላ ራሱን እንዲመልስ የሚያደርገው እሱ ነው። ጎማ በመጨረስ ረገድ ሦስቱ አይወዳደሩም፤ ቀዳሚው ቶ ነው።

ለምን? ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 7.50 አር 16 ጎማ ያጠለቀ ላንድ ክሩዘር የጎማው ቁመት ከላይ እስከ ታች 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊቱ ርቀት ከኋላው በ8 ሚሊ ሜትር ቢያንስ እያንዳንዱ ጎማ በ80 ሴንቲ ሜትር 4 ሚሊ ሜትር ተጣሟል ማለት ነው። ጎማው በዚያ አቅጣጫ መሄድ ይፈልጋል፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይጎትተዋል። ስለዚህ በያንዳንዱ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር፣ በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ወደ ጎን እየታሸ ይሄዳል። መቶ ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግማሽ ኪሎ ሜትር በጎኑ እንደተጎተተ ነው። ዓይን ጨርሶ የማያየው 8 ሚሊ ሜትር ይህን ያደርጋል። ብዙዎቹ መኪናዎቻችን ያገለገሉባት ጃፓን በመኪና ምርመራዋ የጎን መንሸራተትን በ1 ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የምትገድበው ያለ ነገር አይደለም።

ሜትሮ ከመዘርጋት በፊት ጎማውን በእጅ መዳሰስ ብዙ ይናገራል። መዳፍን በጥርሱ ላይ አሳርፎ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ማንሸራተት ነው። ወደ ውስጥ ሲሄድ ልስልስ፣ ወደ ውጭ ሲመለስ እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ ቶ ኢኑ በዝቷል። ተቃራኒው ከሆነ ቶ አውት ነው። ጥርሱ ሳይሻክር አንድ ጎኑ ብቻ ለስልሶ ካለቀ ጥርጣሬው ወደ ካምበር ይሄዳል። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሀሉ ከቀረ ንፋስ ሲያንሰው ከርሟል፤ መሀሉ ብቻ ካለቀ በዝቶበታል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ ሾኩን ወይም ኩሽኔታውን ማየት ነው። ይህን ሁሉ ጎሚስታው ያውቀዋል፤ ጎማ ሲያወርድ ቢጠየቅ በደቂቃ ይናገራል። የሚጠይቀው ሰው መጥፋቱ ነው እንጂ።

ቤት ውስጥ ምን ይስተካከላል የሚለው በመኪናው ዓይነት ይወሰናል። በእነዚህ ወረዳዎች ጭነትና ሰው የሚያመላልሰው አይሱዙ፣ ኤንፒአሩም ኤፍኤስአሩም፣ የፊት ጎማዎቹ በአንድ ወጥ አክስል ላይ የተተከሉ ናቸው። ሃርድ ቶፕም ሆነ ፒክአፕ፣ የላንድ ክሩዘር 70 ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ወጥ አክስል ላይ ካምበሩ በፋብሪካ የተቆረጠ ነው፤ አክስሉ ካልተጣመመ ወይም ኩሽኔታው ካልላላ አይለወጥም። የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኘው አንድ ረጅም ታይሮድ። በሌላ አነጋገር ገጠሩ የሚነዳው መኪና ለቤት ሥራ የተመቸው ነው። ላንድ ክሩዘር ላይ መሪው ተጣሞ ቢቆም እንኳ ያ የሌላ ዘንግ ጉዳይ ነው፤ ታይሮዱን በመነካካት አይቃናም።

ሚኒባሱ ይከብዳል። ሃይኤስ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻቸው የሚነሱና የሚወርዱ ናቸው፤ የመኪናውን ፊት ተሸክሞ የያዘው ቶርሽን ባር ነው። ባለንብረቱ በጠጠር መንገድ ሆዱ እንዳይመታ ብሎ ቶርሽን ባሩን አስጠምዝዞ ፊቱን ያስነሳዋል፤ ያን ጊዜ ካምበሩም ቶውም አብረው ይሄዳሉ። ቪትዝና ኮሮላ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ታይሮድ አለ፤ ቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ሁለቱን እኩል ማዞር ግድ ነው። አንዱ ብቻ ከዞረ ጎማዎቹ ይስተካከሉና መሪው ተጣሞ ይቀራል። በመሐል ሜዳም በዓለም ከተማም ጎዳናውን የሞላው ባጃጅ ደግሞ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። አንድ የፊት ጎማ ከማን ጋር ይተያያል?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሜትሮ የያዘ ሰው መጀመሪያ መያዝ ያለበት ክሪክ ነው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም የመዞሪያው ኪንግ ፒን ላልቷል፤ ሚኒባስና የቤት መኪና ላይ ቦል ጆይንቱም ይጠረጠራል። ግራና ቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ «ቀጭ» ካለ የታይሮዱ ጫፍ መገጣጠሚያ፣ ቴስቲኒው ነው። ከዚያ መኪናው በአራት እግሩ ቆሞ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው ሥር ተኝቶ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ጣቱን አሳርፎ ይያዝ። ብረት ከብረት ቀድሞ ሲንቀሳቀስ ጣት ወዲያው ያውቀዋል። በላላ ቴስቲኒ ላይ የተለካ ቶ ከመንገዱ የመጀመሪያ ጉድጓድ አያልፍም፤ ቆሞ 2 ሚሊ ሜትር ያለው ሲሄድ 10 ይሆናል። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቴስቲኒ ገዝቶ መግጠም የተለመደ ነው፤ ኪስም ያስገድዳል። እኔ ግን ፍሬን ሸራና ቴስቲኒ አሮጌ አልገዛም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በጉም ውስጥ ሲወረድ ጎማ ማለቁ ቀላሉ ነገር ነው፤ ቴስቲኒ ከወለቀ መሪ የለም።

የጎማ ንፋስ ሳይስተካከል መለካትም ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ከደጋ ወደ ቆላ የሚመላለሱ ሹፌሮች የሚከራከሩበት ነገር አለ። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ሲኬድ የሚታለፈው የጀማ ሸለቆ ደግሞ ከ1500 ሜትር በታች ይወርዳል። ቆላ ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ማንበብ ነበረበት። ነገር ግን ሙቀቱ የጎማውን አየር ስለሚያሰፋው ከሞላ ጎደል ያንኑ ይመልሰዋል። ክርክሩ በአቻ ያልቃል። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ መሙላት ይበቃል።

ቀጥሎ ሜዳ ያስፈልጋል። ጋራዥ ያለው ሲሚንቶ ወለል በገጠር በየቦታው የለም፤ በደንብ የተጠቀጠቀ አውድማ ግን አለ። ዓይን ለጥ ያለ ነው ያለውን መሬት ማመን አይገባም፤ በተለይ ተራራ በከበበው አገር ዓይን ይሸወዳል። ግንበኞች የመሠረት ከፍታ የሚያመጣጥኑበት ውሃ የተሞላ ውስጡ የሚታይ ቱቦ እዚህ ይሠራል። አራቱ ጎማዎች የሚያርፉበትን ቦታ ቱቦውን ይዞ ዞሮ ማየት፣ ዝቅ ያለው ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ መጣል። ሌላም ነገር አለ፦ ክሪክ ከወረደ በኋላ ጎማው መሬት ነክሶ በውጥረት ይቆማል። መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊት መግፋት ያን ውጥረት ያላላዋል። አንዳንዱ ከጎማው ሥር በመሀላቸው ግሪስ የተቀባ ሁለት ቁራጭ ቆርቆሮ ያነጥፋል፤ የማሽኑ ተሽከርካሪ ሰሌዳ የሚሠራውን ሥራ በርካሽ ያገኘዋል።

አለካኩን ቀረብ ብለን እንየው። ጎማው ተነስቶ በእጅ እየተሽከረከረ፣ አንድ ሰው በድንጋይ ላይ አስደግፎ የያዘው ምስማር ጥርሱ መሀል ላይ ዙሪያውን ቀጭን መስመር ያስምራል፤ መስመሩ እንዲታይ ቀድሞ ጠመኔ ይቀባል። ቸርኬው ቢወዛወዝም ይህ መስመር እውነተኛውን የመዞሪያ አቅጣጫ ይሰጣል። ሁለቱም ጎማዎች ከተሰመሩ በኋላ መኪናው ወርዶ ይገፋል፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ቀጥ ማለቱ የግድ ነው፤ ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጨኛው ይበልጥ እንዲዞር ተደርጎ ነውና የተሠራው። ጀርመናዊው ላንከንስፐርገር ለፈረስ ጋሪ ያሰበውና አከርማን በ1818 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያስመዘገበው ብልሃት ዛሬም መኪናዎቻችን ላይ አለ።

ከዚያ በጎማው መሀል ከፍታ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ በሁለቱም መስመሮች ላይ አንዳንድ ነጥብ በጠመኔ ይደረጋል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ቀጥሎ መኪናው ነጥቦቹ ከኋላ በዚያው ከፍታ እስኪመጡ ይገፋና እንደገና ይለካል። ከኋላ ሞተርና ሻንሲ ሜትሮውን ስለሚያግዱት ከነጥቦቹ ቱንቢ ወደ መሬት ማውረድና መሬቱ ላይ ምልክት አድርጎ መለካት ይሻላል፤ ይህ ከሆነ የፊቱም በቱንቢ ይለካ። የኋላው ከፊቱ ከበለጠ ልዩነቱ ቶ ኢን ነው። ሜትሮውን አንዱ ጫፍ ላይ ረዳቱ ይይዛል።

«ስንት አለ?»

«1 ሜትር ከ48፣ ጋሼ፤ ከ2 ሚሊም ትበልጣለች።»

«መስመሩ በየት በኩል? በግራው ነው በቀኙ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። የጠመኔው መስመር ራሱ 2 ሚሊ ሜትር ሊወፍር ይችላል፤ ሁልጊዜ አንድ ጠርዙን፣ ለምሳሌ የቀኙን፣ ይዞ ማንበብ ይገባል። ሜትሮውም መወጠር አለበት፤ የረገበ ሜትሮ ቶ ይፈጥራል። ሁለቱ ልኬቶች ሁለት ጊዜ ተለክተው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተለያዩ መለኪያው ታምኗል፤ ከተለያዩ ከታይሮዱ በፊት አለካኩ ይስተካከል።

ስንት ይሁን ለሚለው የመኪናው መጽሐፍ ይቅደም። መጽሐፉ ለጠፋበት ሰው፣ ራዲያል ጎማ ላጠለቁ ብዙ የኋላ ጎማ ነጂ መኪናዎች ከ0 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቶ ኢን ውስጥ መሆን ደኅና ነው። እነዚህ ሲሄዱ የመንገዱ ተቃውሞ የፊት ጎማዎችን ወደ ውጭ ስለሚገፋቸው ቆመው ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያዩ ይደረጋሉ። የፊት ጎማ ነጂዎች፣ እንደ ቪትዝ ያሉት፣ ራሱ ጎማው ስለሚጎትት ወደ ዜሮ ይጠጋሉ። የድሮውን የናይለን ጎማ ልኬት ይዘው ራዲያል ላይ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር የሚሰጡ አንጋፋ መካኒኮች አሉ፤ ባለሙያነታቸውን እያከበርኩ፣ ይህ ልማድ ቢቀር ይሻላል።

ታይሮዱን ሲያዞሩ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ያበዛዋል። የላንድ ክሩዘሩን ዓይነት ታይሮድ እናስብ። ሁለቱ ጫፎቹ የግራና የቀኝ ጥርስ ስላላቸው ዘንጉ ሲዞር በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ጥርሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን አንድ ሙሉ ዙር 3 ሚሊ ሜትር ያስረዝመዋል። ዘንጉ የሚገፋው የጎማው ክንድ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጎማው 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የዘንጉ 1 ሚሊ ሜትር ጎማው ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ይወጣል። አንድ ዙር 16 ሚሊ ሜትር! ሩብ ዙር እንኳ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ዘንጉም ማሰሪያውም ላይ በቀለም ወይም በጠመኔ መስመር ማድረግ፣ ከዚያ በጥቂቱ ማዞር፣ መኪናውን ወደ ኋላና ወደ ፊት ገፍቶ እንደገና መለካት። አቅጣጫው ታይሮዱ ባለበት ይወሰናል፤ ከአክስሉ ኋላ ከሆነ ሲረዝም ቶ ኢን ይጨምራል፣ ከፊት ከሆነ ተቃራኒው ነው። ሲያበቃ ማሰሪያዎቹ በደንብ ጠብቀው፣ ሁለቱ ቴስቲኒዎች በአንድ አቅጣጫ ቆመው መታየት አለባቸው፤ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ተጣሞ ከተቆለፈ ጉድጓድ ላይ እርስ በርሳቸው ይተናነቃሉ።

እስካሁን የተባለው የፊቱን ሁለት ጎማ እርስ በርስ ስለማስተካከል ነው። የኋላው ጥያቄ ግን በእነዚህ አገሮች ከሌላው ቦታ ይበልጣል፤ ባሌስትራ ያለው መኪና ብዙ ነውና። በጠጠርና በጭነት ባሌስትራውን አያይዞ የያዘው የመሀል ብሎን ይቆረጣል፤ የኋላ አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ኋላ ይንሸራተትና መኪናው ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል። ከኋላው የሚከተል ሰው ያየዋል፤ ራሱ ሹፌሩ ግን መሪው ጠመመ ብሎ የፊቱን ያስነካል። በግራና በቀኝ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለውን ርቀት መለካት ብቻ ያጋልጠዋል። ሲባጎም እዚህ ይሠራል፦ በመኪናው ሁለት ጎን፣ በጎማው መሀል ከፍታ፣ እርስ በርስ ትይዩ የሆኑ ሁለት ሲባጎዎች ተወጥረው ከየቸርኬው ያለው ርቀት ሲለካ የኋላው አክስል ወዴት እንደሚያይ ይታያል። የኋላው ከተጣመመ የፊቱን ማስተካከል ብሎኑን አይቀጥልም።

ካምበርን በተመለከተ ቤት መለካት ይቻላል፣ ማስተካከል ግን ሌላ ነገር ነው። ከጎማው አጠገብ ቱንቢ ጥሎ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የላይ ጠርዝና የታች ጠርዝ ያለውን መለካት ነው። የ16 ቸርኬ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የ7 ሚሊ ሜትር ልዩነት 1 ዲግሪ ነው። የስልክ ውሃ ልክም ይህን ይሠራል፤ ግራና ቀኙን ለማወዳደር በቂ ነው። ግራው ከቀኙ ከ1 ዲግሪ በላይ ከተለያየ አንድ ነገር ተጣሟል ወይም ወድቋል። ካስተርን ለቤት ሥራ አልመክርም፤ ጎማውን በተወሰነ ዲግሪ ግራ ቀኝ አዙሮ ማንበብ ይጠይቃል፤ በአውድማ ላይ የሚገኘው ቁጥር እንደ ሰዉ ይለያያል።

ማሽኑስ? የሚሰጠው ነገር አለ፦ አራቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ያያል፣ ካስተሩን ያነብባል፣ ወረቀት ያትማል። ወረቀቱ ግን የሚመሰክረው መኪናው በዚያች ደቂቃ እንዴት እንደቆመ ብቻ ነው። ቴስቲኒው ላልቶ እያለ ሁሉም ቁጥር አረንጓዴ ሆኖ የታተመለት መኪና ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ማሽኑ አይወዘውዝም። ጥሩ ጋራዥ ማሽኑ ላይ ከማውጣቱ በፊት ክሪክ ያነሳል። ክሪክ ካላነሳ ገንዘብ ይዞ መውጣት ነው። በሌላ በኩል ፊቱ የተነሳ ሃይኤስ፣ የተጋጨ መኪና፣ ካሜራና መሪ የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ያላቸው አዳዲሶቹ መኪናዎች ወደ ማሽን ይሂዱ። ጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ እየበዙ ነው፤ በባትሪያቸው ምክንያት ስለሚከብዱ ቶ ሲበላሽ ጎማ ላይ የሚያደርሱት ይብሳል። ወደ መንዝ መንገድ ገና በብዛት አልወጡም፤ ሲመጡ ሲባጎው ቶውን ይነግራቸዋል፣ ኮምፒውተሩን ግን ዜሮ አያደርግላቸውም።

ሥራው ሲያልቅ መኪናውን መሞከር የሚገባው ከተገኘ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ነው። በጠጠር ላይ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ጠጠሩ ነው። አስፋልቱም ቢሆን ውሃ እንዲወርድ መሀሉ ከፍ ተደርጎ ስለሚሠራ በቀኝ የሚነዳ መኪና ወደ ቀኝ ትንሽ ይስባል፤ ያን ስበት አይቶ ታይሮድ የሚነካ ሰው የመንገዱን ዝንባሌ እያስተካከለ ነው። መኪናው ግልጽ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ከሳበ መጀመሪያ ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ለማወቅ ከመኪናው ወርዶ አራቱን ቸርኬዎች በእጅ ነክቶ ሙቀታቸውን ማወዳደር ነው። ሙቀቱ እኩል ከሆነ የፊት ግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ መቀያየር፤ ስበቱ አብሮ ጎኑን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው፣ ወደ ኋላ ይዛወር። ስበቱ እዚያው ከቀረ ካምበሩን ግራና ቀኝ በቱንቢ አወዳድሮ፣ ቁጥሩን በወረቀት ይዞ ደብረ ብርሃን መውረድ ነው።